ካልኩለስን ማን ከለከለን?

«አሥራ ሁለተኛ ስትገቡ ትደርሱበታላችሁ» ይሉናል። ኧረ? የአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ኢንስታንቴኒየስ ቬሎሲቲ ሲለን እኮ ስለ ሊሚት ነው የሚያወራው፤ ሳይገባን እንሸመድደዋለን።

«መሠረታችሁ ሳይጠና» የምትሉትም አልተዋጠልንም። ዴሪቬቲቭ የማውጣት ሕጉን በአንድ ማታ እንይዘዋለን፤ ወረቀታችንን የሚያበላሸው ፋክተር ማድረግና ክፍልፋይ ማቃለል ነው። ያኔ የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፋችንን ማንም ሳይቆጣን እናወጣዋለን።

ሕንዳዊውን ራማኑጃንን የምትጠቅሱ ደጋፊዎቻችንም ቀስ በሉ! በ1903 እ.ኤ.አ. የጆርጅ ካርን የቴዎረሞች መድበል ይዞ ብቻውን ተማረ፣ እሺ። ኮሌጅ ገብቶ ሌላውን ትምህርት ችላ ሲል ግን ስኮላርሺፑን ተነጠቀ። እኛም ባዮሎጂ አለብን፣ እንግሊዝኛ አለብን። ስለዚህ ካልኩለስ ቅዳሜና እሁድ ብቻ፤ ከፕሪምየር ሊጉ ጨዋታ በፊት።