«ድኛለሁ» ያሉት አባቴ

የዛሬ ዓመት ለገና ዳባት፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሄጄ ነበር። አባዬ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ። ወገባቸውንም ያማቸዋል። «አባዬ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» ስላቸው፣ «እንዲህ ያለውን ነገር ለልጅ ሐኪም እንዴት ብዬ እነግራለሁ?» አሉኝ። እማዬ ባትጨቀጭቃቸው ኖሮ ጎንደር ድረስ ባልሄድን ነበር። ሲመረመሩ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘባቸው።

ሽንት የሚያመላልስ ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ የፕሮስቴት እጢ በዕድሜ ብቻም ያብጣል። የሚለየው ግን በምርመራ ነው።

አባዬ የሆርሞን መርፌ ተጀመረላቸው። ከወራት በኋላ ሕመሙ ሲቀልላቸው «ድኛለሁ፣ መመላለሱ ይቅርብኝ» አሉ። እኔ የተማርኩት ማርኬቲንግ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙን ጠየቅኩ፣ አነበብኩም።

በፕሮስቴት ሴል ውስጥ የወንዴ ሆርሞን ተቀባይ የሚባል ፕሮቲን አለ። ቴስቶስትሮን ሲደርሰው ወደ ሴሉ ኒውክሊየስ ገብቶ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ካንሰሩም የሚያድገው በዚህ ትእዛዝ ነው። በደም ምርመራ የሚለካው ፒ.ኤስ.ኤ. ራሱ ከእነዚህ ጂኖች የአንዱ ውጤት ነው። ቻርልስ ሀጊንስ የተባሉ ሐኪም በ1941 እ.ኤ.አ. ሆርሞኑ ሲቀንስ ካንሰሩ እንደሚያፈገፍግ አሳዩ፤ በ1966 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። የአባዬም መርፌ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ካንሰር ግን በቀላሉ አይሸነፍም። ከዳባት ወደ ደባርቅ ስንወጣ ኔትወርክ ሲደክም ከፍ ያለ ቦታ ፈልገን እንቆም የለ? ካንሰሩም ሆርሞን ሲያጥረው ብዙ ጊዜ የተቀባዩን ጂን ቅጂ ያበዛል፤ አንቴና እንደ መጨመር ማለት ነው። ያኔ ጥቂት ሆርሞን ይበቃዋል። ይህ ለውጥ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ከመመለሱ በፊት በደም ምርመራ ይታያል። ተቀባዩን ራሱን የሚዘጉ፣ እንደ ኤንዛሉታማይድ ያሉ መድኃኒቶችም አሉ፤ ሐኪሙ ሕክምናውን ለመቀየር ግን ለውጡን በጊዜ ማወቅ አለበት።

ለአባዬ ይህንኑ የኔትወርክ ምሳሌ ነገርኳቸው። ሳቁና «እንግዲያ ቀጠሮዬ መቼ ነው?» አሉ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እስቲ ዛሬ አባታችሁን ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሱ ጠይቋቸው። ሕክምና የጀመሩም ከሆነ፣ «ተሻለኝ» ብለው ሐኪም ሳያማክሩ እንዳያቋርጡ ቀጠሯቸውን እናንተ ያዙላቸው።