ሁለት ፊደል፣ አራት ትርጉም

የዛሬው ርዕሴ ከጋዜጠኝነት የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን ቅርብ ነው ባይ ነኝ።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ጉኑኖ ቤተሰብ ጋ ነበርኩ። አክስቴ ትንሽ ስትራመድ ትንፋሽ እያጠራት ተቸግራ ነበርና ታክማ ስትመለስ ወረቀቷን ሰጠችኝ። «አንተ የኮሌጅ ተማሪ አይደለህ? እስቲ ምን ይላል?» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው በእንግሊዝኛ ፊደል «ኤምኤስ» የሚል ብቻ ነው። «አላውቅም» ማለት አፈርኩና ስልኬን ከፈትኩ። መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የሚያጠቃ፣ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ ይላል። እሱኑ በወላይትኛ ነገርኳት። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም።

በሦስተኛው ቀን አብረን ሄደን ስንጠይቅ ለካ ማይትራል ስቴኖሲስ፣ የልብ ቫልቭ መጥበብ ኖሯል! ይህ ብዙውን ጊዜ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ሳይታከም ቀርቶ ከሚመጣ የሩማቲክ ትኩሳት የሚነሳ ነው። ቀላል ሕመም ባይሆንም ሕክምና አለው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ኤምኤስ ሞርፊን ሰልፌትም ማግኒዚየም ሰልፌትም ይሆናል። አንዱ ከባድ ሕመም ማስታገሻ፣ ሌላው በእርግዝና ደም ግፊት ምክንያት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ የሚሰጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ የጤና ተቋማትን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 «አትጠቀሙባቸው» ብሎ ባወጣው ዝርዝር ኤምኤስ አለበት። «ዩኒት» ለማለት የምትጻፈው «ዩ»ም አለችበት፤ ዜሮ መስላ ስለምትነበብ 10 ዩኒት ኢንሱሊን 100 ሊሆን ይችላላ!

እኛም ዘንድ በአማርኛው ችግሩ አለ። ካርድ ክፍል «ወ/ማርያም» ተብሎ ሲጠራ ወልደ ማርያምም ወለተ ማርያምም ብድግ ይላሉ።

ባለሙያዎቹ ወረፋ እንዳለባቸው አውቃለሁ። እርስ በርስ ሲጻጻፉ ማሳጠራቸውም ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን በታማሚው እጅ ወደ ቤት የሚሄድ ወረቀት ላይ የበሽታው ስም ሙሉውን ቢጻፍ፣ ከሥሩም አንድ መስመር በአማርኛ ወይም በወላይትኛ ቢታከል ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በዜና አጻጻፍ ኮርስ የተማርነው እኮ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ሙሉ ስም፣ ከዚያ በኋላ አህጽሮት።

ጥፋቱን ሁሉ ግን ወረቀቱ ላይ አልጥልም። ሳላረጋግጥ ያወራሁት እኔ ነኝ። ያልተጣራ ወሬ አታሰራጩ የተባልን የሙያው ተማሪዎች ከቤታችን ካልጀመርን ከየት ልንጀምር ነው? አክስቴ ዛሬም ክትትል ላይ ናት። ወረቀት ስትሰጠኝ ግን አሁን ቀድማ «ጠይቀህ ንገረኝ» ትለኛለች።