ጥንድ ንባባችን ለምን ይፈርሳል?



የሰፈራችን የንባብ ክበብ በየወሩ አንድ መጽሐፍ እየመረጠ፥ አባላቱም ሁለት ሁለት ሆነው ያንኑ መጽሐፍ እኩል እያነበቡ፥ የሚገናኙት በአካል፥ የማይገናኙት በስልክ እየተጨዋወቱበት መቆየታቸው የታወቀ ነው። በመጪው እሑድ በሚደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ ግን ይህን አሠራር የሚለውጥ ሐሳብ ለውሳኔ ይቀርባል። ሐሳቡ ባጭሩ «ጥንዱ ይቅር፤ የወሩ መጽሐፍ ስም ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የፈለገ ያንብብ፤ በወሩ መጨረሻ ያነበበው ሰው አዳራሽ ተሰብስቦ ይወያይ» የሚል ነው። ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም፤ ሥራው በዝቶባቸው ነው። ጥንድ ማጣመር፥ የጎደለውን መተካት፥ «ጓደኛዬ አላነበበችም» የሚል ስሞታ መስማት፥ ማታ ማታ እየደወሉ ማስታወስ በእውነቱ አድካሚ ነገር ነው። ይሁን እንጂ እኛ በበኩላችን ሐሳቡን አንደግፈውም። ምክንያታችንንም ከስብሰባው በፊት አባላት ሁሉ ቢያውቁት ደግ ነው ብለን ይህን ጽፈናል።

መጽሐፍ ጀምሮ መተው ለማንኛችንም እንግዳ ነገር አይደለም። ብቻውን የሚያነብ ሰው ሃያ ገጽ እንደሄደ ኑሮ ይጠራዋል። እንጀራ መጋገር አለ፥ ለቅሶ አለ፥ የታክሲ ሰልፍ አለ። መጽሐፉ ኮመዲኖ ላይ ይቀመጣል፤ በላዩ መድኃኒት ይደረብበታል፤ በመድኃኒቱ ላይ የስልክ ቻርጀር፤ በቃ፥ እዚያው ቀረ። ጥንድ ያለው ሰው ግን «እትዬ፥ ከየት ደረሱ? እኔኮ ምዕራፍ አራት ላይ ቆሜ እየጠበቅኩዎት ነው» የሚለው አለ። ይህ ጥያቄ ብቻ መጽሐፉን ከመድኃኒቱ ሥር ያወጣዋል። የገጠሩን ሕይወት የሚያውቁ አባቶች ነገሩን በአንድ ቃል ይገልጹታል፤ መቀናጆ ነው ይላሉ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ፥ እንደሱው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ፥ አንድ ቀን የራሱን ማሳ ሌላ ቀን የባልንጀራውን ያርሳል። ብቻ ለብቻ ቢሆኑ ኖሮ የሁለቱም መሬት ጦም ያድር ነበር።

ከአባሎቻችን መካከል ፊደል የቆጠሩት ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የሆነ እናቶች አሉ። ዘመቻው በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ 15 ቋንቋዎች የደረሰ፥ እጅግ ብዙ ሕዝብ ከማይምነት ያላቀቀ ሥራ ነበር። ነገር ግን ፊደል ከተቆጠረ በኋላ የሚነበብ ነገር በየቤቱ አልነበረም። የምስክር ወረቀቱ በመስታወት ተሰቀለ፤ ንባቡ ግን እየደበዘዘ ሄደ። እነዚህ እናቶች ዛሬ በቀን የሚያነቡት አምስት፥ ቢበዛ ስድስት ገጽ ነው። መጽሐፉን በሦስት ቀን ጨርሶ የመጣ ጎረምሳ በሚፎክርበት አዳራሽ ውስጥ ተነሥተው ሊናገሩ ነው? ኧረ ጭራሽ አይመጡም! በጥንድ ሲሆን ግን ያልገባቸውን ቃል የሚጠይቁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የሚያውቁት የጎረቤት ልጅ ነው። ስለዚህ ጥንዱ ከፈረሰ ክበቡ ቀላል አይሆንም፤ የፈጣን አንባቢዎች ክበብ ነው የሚሆነው።

ከሰፈር የወጡትንም ማሰብ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. በከተማችን የኮሪደር ልማት ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ጎረቤቶቻችን ከከተማው ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ተዛውረዋል። ዕድራቸውን አልተዉም፤ ለቅሶ ሲሆን ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። ለመጽሐፍ ውይይት ግን ማታ ሁለት ታክሲ ያዙ ማለት አይቻልም። እነሱን ከክበቡ ጋር ያቆያቸው ጥንዱና በቴሌግራም የሚላላኩት ድምፅ ነው። ከራት በኋላ አሥር ደቂቃ፥ «ዛሬ ያነበብኩት ይህን ነው፥ አንቺስ?» ማለት ነው። ኔትወርክ የጠፋ ቀን በነጋታው ይደርሳል። አንዲት እናትማ ጥንዳቸው ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ልጃቸው ናት፤ እሷ የምታነበው እሑድ ብቻ ስለሆነ እሳቸውም እሑድን ይጠብቃሉ። እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች «በወሩ መጨረሻ አዳራሽ ኑ» ማለት ከመዝገብ ተሰርዛችኋል ከማለት በምን ይለያል?

ከሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበን ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በተመረጠበት ወር የታየውን አባላት ያስታውሱታል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበ፥ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ የቀረበት ነው። ትልልቆቹ አባሎቻችን ያን ጊዜ መጽሐፉ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያውቁታል። ጥንዶቻቸው የሆኑት ልጆች ግን መጽሐፉ የሚያወራበትን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በስም እንኳ አልሰሙትም ነበር። «ጋሼ፥ ያኔ እርስዎ የት ነበሩ?» የሚለው ጥያቄ በዚያ ወር በስንት ቤት እንደተጠየቀ አንቆጥረውም። አርባ ዓመት ለልጆቻቸው ያላወሩትን ለጎረቤት ልጅ ያወሩ አባት አሉ። እሳቸው በየወሩ ስብሰባ ይመጣሉ፤ አንድ ቀን እጃቸውን አውጥተው ተናግረው አያውቁም። ሰው ለአንድ ሰው የሚለው ነገር አለ፤ ለአዳራሽ የማይለው።

ስለ ወሩ መጽሐፍ አመራረጥም ጥቂት እንበል፤ ቅሬታው ብዙ ስለሆነ ነው። ቀድሞ ምርጫው በስብሰባ ይደረግ በነበረበት ጊዜ ድምፁ ከፍ ያለ ሰው የወደደው መጽሐፍ ይመረጥ ነበር። አንድ ጥንድ አንድ ድምፅ ከሆነ ወዲህ ግን ነገሩ ተሻሽሏል፤ ጮሌው ሰው በመጀመሪያ የገዛ ጓደኛውን ማሳመን አለበትና። ከዚህ በኋላ የተመረጠው የመጀመሪያ መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ እየተባለ ስሙ ይነሣል እንጂ ያነበበው ጥቂት ነው። አማርኛው የጥንት ነው፥ ወገብ ይፈትሻል፤ መጽሐፉ ግን ቀጭን ስለሆነ ሁሉም ጥንድ ጨረሰ። መጨረስን የለመደ ሰው ደግሞ ወፍራም መጽሐፍ አይፈራም።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲመረጥ ግን ጥያቄ ተነሣ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ከ500 ገጽ በላይ ነው። በአንድ ወር ይለቅ ከተባለ በቀን ወደ 17 ገጽ ማንበብ ያስፈልጋል፤ በቀን ስድስት ገጽ ለሚያነብ ሰው ደግሞ ከ80 ቀን በላይ ይፈጃል። ስለሆነም ሦስት ወር ተሰጠው። ፈጣኖቹ አጉረመረሙ። ታዲያ ምን ሆነ? ሦስት ወር ሙሉ ቡና ላይ ወሬው ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ሆኑ። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው የሰሙ ሰዎች «እሱ እንዲህ አልነበረም ያለው» እያሉ በንባቡ ዜማ ሳይቀር ተከራከሩ። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የቆየ እትም የገዛ አንድ ጥንድ ደግሞ በፊደሎቹ አናት ላይ ያለውን ነጥብ የዝንብ ሥራ ነው ብሎ በመሐረብ ሲፈትግ ሰንብቷል። ነጥቡ የደራሲው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የሚጠብቀውን ፊደል ከሚላላው ለመለየት ሆን ብለው ያኖሩት ምልክት ነው፤ «ገና» በዓሉና «ገና» ያልደረሰው በጽሑፍ አንድ ስለሆኑ። ጮክ ብሎ ለጓደኛው ለሚያነብ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያየነው ያኔ ነው። ዓይናቸው የደከመ አባላት ጥንዳቸው ሲያነብላቸው ይሰማሉ፥ ይህም ንባብ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳንሸፋፍን መናገር አለብን። አንዳንድ አባላት የወሩን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በስልክ ፎቶ አንሥተው ፒዲኤፍ እያሉ በቴሌግራም ያሰራጫሉ። መጽሐፍ መወደዱ እውነት ነው፥ አንክድም። ቢሆንም ደራሲ ከዓመታት ድካሙ የሚያገኘው የመጽሐፉን ዋጋ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ይህን ይከለክላል። መፍትሔው አንድ መጽሐፍ ለሁለት ሰው መግዛት ነው፤ ወጪው በግማሽ ይቀንሳል፤ ይህም እንግዲህ የጥንድ አንዱ ጥቅም መሆኑ ነው። ሩቅ ለሩቅ ያሉት ሁለት ቅጂ ስለሚያስፈልጋቸው የክበቡ ሣጥን ቅድሚያ ለእነሱ ይስጥ። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. 4 ኪሎ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለተማሪዎቻችን ጥሩ መቀመጫ ሆኗል፤ ለእናቶች ግን ሩቅ ነው። ደግሞም አንድ መጽሐፍ ለድምፅ ከመቅረቡ በፊት ገበያ ላይ ስንት ቅጂ እንደሚገኝ ይቆጠር። መርጦ ማጣት ከአለመምረጥ ይከፋል።

አስተባባሪዎቹ ደከመን ያሉት ግን መልስ ይፈልጋል። በእኛ አስተያየት ጥንድ የማጣመሩን ሥራ ከጫንቃቸው አውርዶ ለዕጣ መስጠት ይሻላል። እንደ ዕቁብ በየሦስት ወሩ ዕጣ ይውጣ፤ ፈጣኑም ዘገምተኛውም በዕጣው ይደባለቅ። ጓደኛው የታመመበት ወይም መንገድ የሄደበት ከሌላ ጥንድ ጋር ሦስተኛ ሆኖ ይቀመጥ። መጽሐፉ በአራት ማረፊያ ይከፈል፤ ከማረፊያው አልፎ ሄዶ መጨረሻውን ለጓደኛው የሚናገር ሰው፥ እሱስ ቅጣቱን ራሳችሁ ፈልጉለት፥ የቡና ወጪ ቢሸፍን አንቃወምም። ማታ ማታ መደወሉም ይቅር፤ እያንዳንዱ ጥንድ ቅዳሜ ቅዳሜ «ደርሰናል» ወይም «አልደረስንም» ብሎ አንድ ቃል ይላክ። ከግማሽ በላይ ጥንድ ካልደረሰ ወሩ በአንድ ሳምንት ይራዘም። ከዚህ የበለጠ ሥራ የለውም።

ስብሰባው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በዕድሩ አዳራሽ ይደረጋል። ከሰፈር የወጡ አባላት ድምፃቸውን በጥንድ ጓደኛቸው በኩል መላክ ይችላሉ፤ ይህን ገጽም ፎቶ አንሥታችሁ ላኩላቸው፥ እሱ አይከለከልም። ለሚቀጥለው ወር የቀረቡት መጻሕፍት ሁለቱም በ1962 ዓ.ም. የታተሙ ናቸው፤ የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» እና የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»። «አደፍርስ» ብቻውን ለሚያነብ ሰው ይከብዳል፤ ክርክር የበዛበት ስለሆነ ለሁለት ሰው ግን ይጣፍጣል፤ የእኛ ድምፅ ለእሱ ነው። የድምፅ መስጫው ወረቀት ከዚህ በታች ተለጥፏል። እስክሪብቶው በክር ታስሯል፤ ያለፈውን የወሰደ ሰው ይመልስልን።