ዝንቧን ማን ፈጠረ? ኢንሱሊኑንስ ማን ይሥራው?



«ሳይንቲስቶች ሕይወት ፈጠሩ» የሚል ወሬ ስልካችን ላይ በመጣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው እናያለን። አንዱ ይደነግጣል። ሌላው «ዝንብ እንኳ መፍጠር አይችሉም» ብሎ ስቆ ያልፋል። ሁለቱም ነገሩን አላዩትም ባይ ነኝ።

የሆነውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2010 የክሬግ ቬንተር ቡድን ፍየል የሚያጠቃ የአንድ ባክቴሪያ ዲ.ኤን.ኤ ከኬሚካል ሠራ፤ ቅደም ተከተሉ ከሞላ ጎደል ከተፈጥሮው የተቀዳ ነው። ከዚያ ሌላ ሕያው ባክቴሪያ ውስጥ አስገባው፤ ባክቴሪያዋም በአዲሱ ዲ.ኤን.ኤ እየተመራች መራባት ጀመረች። በእኛ በኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ቋንቋ፣ ሶፍትዌር ኮፒ አድርጎ ቀድሞ በተሠራ ስልክ ላይ እንደ መጫን ነው። በ2016 ደግሞ ቀንሰው ቀንሰው 473 ዘረ መል ብቻ ያላት ሴል ሠሩ፤ የ149ኙን ሥራ ግን በወቅቱ አላወቁትም። ትልቅ ሥራ ነው፤ ካለመኖር ማስገኘት ግን አይደለም።

ሆኖም ኢማናችንን «አይችሉም» በሚል ቃል ላይ አናንጠልጥለው። ነገ ሴልን ከጥሬ ኬሚካል ቢገጣጥሙስ? ካርቦኑም፣ ውሃውም፣ የሚገጣጠሙበት ሕግም፣ የገጣጣሚው አእምሮም የአላህ ፍጡር ናቸው። በሱረቱል ሐጅ 73ኛው አንቀጽ ላይ ያለው የዝንቧ ምሳሌ ከአላህ ሌላ የሚመለኩትን አቅመ ቢስነት ያሳየናል እንጂ ቤተ ሙከራ አትግቡ አይለንም።

ለእኛ የሚበጀው ጥያቄ ሌላ ነው። ድሮ የስኳር ሕመምተኛ የሚወጋው ኢንሱሊን ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ይወጣ ነበር። ሙስሊሙ ሕመምተኛ ሌላ ካላገኘ በዶሩራ ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 ተመራማሪዎች የሰውን ኢንሱሊን በባክቴሪያ አስመረቱ፤ በ1982 አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና ተፈቀደ። ከአሳማው ያሳረፈን በክርክር የረታ ሰው ሳይሆን ላብራቶሪ ሲሠራ ያደረ ሰው ነው። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን ግን ዛሬም በአብዛኛው ከአሳማ አንጀት ይወጣል። እሱንስ ማንን እየጠበቅን ነው?

ኢማም አል-ገዛሊ ከ900 ዓመት በፊት በኢሕያእ ዑሉሙዲን ኪታባቸው ሕክምና ፈርድ ኪፋያ መሆኑን ጽፈዋል። ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲሮጥ በየከተማው ሙስሊም ሐኪም መጥፋቱንም ወቅሰዋል። ወቀሳው ለእኛም ይሠራል።

ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከምኖርበት ከኮዬ ፈጬ ትንሽ እልፍ ሲሉ ቂሊንጦ ነው። ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የታሰበው የኢንዱስትሪ ፓርክም፣ ባዮቴክኖሎጂ የሚያስተምረው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ናቸው። አገራችን የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655ን በ2001 ዓ.ም አውጥታ በ2007 አሻሽላለች፤ በ2010 ደግሞ የባክቴሪያ ዘረ መል የገባበት ጥጥ እንዲዘራ ፈቅዳለች። ጥጡ ነገ እህል ወይም መድኃኒት ሲሆን ሐላል ነው ወይ? ይጎዳል ወይ? ለድሃው ይደርሳል ወይ? ብሎ የሚጠይቅ፣ ኪታቡንም ላብራቶሪውንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ጀመዓችን የባዮቴክኖሎጂና የፋርማሲ ተማሪዎቻችንን ከኡስታዞቻችን ጋር በአንድ ደርስ ላይ ያገናኝልን። ዲፓርትመንት የምትመርጡ አዲስ ተማሪዎችም ይህን መስክ በኒያ አስቡበት። ዕውቀቱ አማና ነው፤ በሽታ የሚያድነው እጅ በሽታ ሊሠራም ይችላልና አላህን የሚፈራ ሰው ይያዘው።

ወቢላሂ ተውፊቅ።