ከጢንዚዛው በፊት

ከአብደራፊ እስከ መተማ ያለው ቆላ በሰሊጡ ይታወቃል። በደረቁ ኮረብታ ላይ ግን የዕጣን ዛፍም አለ። በበጋ ሰዎች ልጡን በስለታም መሣሪያ እየፋቁ ያደሙታል፤ ሙጫው ሲደርቅ ይለቀማል። ከዚያ ያው ቁስል ደግሞ ይታደሳል፤ በአንድ በጋ ብዙ ጊዜ።

ልብ እንበል፤ ያ ሙጫ ዛፉ ቁስሉን የሚሸፍንበት፣ ተባይን የሚከላከልበት መድኃኒቱ ነው። እኛ ለቅመን እንወስድበታለን። ከዚያ ጢንዚዛ ይመጣል። እጩ ግንዱን ከውስጥ ይቦረቡራል፤ ዛፉም በቁሙ ይደርቃል።

በ2006 እ.ኤ.አ. በኤርትራ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ካልደሙ ዛፎች ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል ከሚደሙት ግን የበቀለው 16 በመቶ ብቻ ነበር። በ2012 ደግሞ መተማን ጨምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ የዛፉ ቁጥር በ90 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። እሳትን፣ ግጦሽንና ጢንዚዛውንም በምክንያትነት አንስተዋል።

እኔ ይህን ሳነብ አጥቢያዎቻችን ታወሱኝ። እሑድ የሚዘምረው፣ ረቡዕ ጸሎት የሚመራው፣ ቅዳሜ ልጆች የሚያስተምረው ያው አንድ ወንድም ነው። መዓዛው ደስ ስለሚለን እንደገና እንጠራዋለን። አንድ ቀን ሲወድቅ ግን «ጠላት አጠቃው» እንላለን። ጠላት መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ከጢንዚዛው በፊት ቢላዋ የያዘው ማን ነበር?

ጌታ ደቀ መዛሙርቱ ከአገልግሎት ሲመለሱ ለምግብ እንኳ ጊዜ እንዳጡ አይቶ፣ ለብቻቸው ሄደው እንዲያርፉ አዘዛቸው (ማርቆስ 6፥31)። ሕጉም ለምድሪቱ እንኳ በሰባተኛው ዓመት ዕረፍት ሰጥቷል (ዘሌዋውያን 25)። ታዲያ ለአገልጋዩ ወንድማችን የምንከለክለው ለምንድን ነው?

ሽማግሌዎች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት የአገልጋዮቻችሁን ስም ጻፉ። ለሦስት ወር ያላረፈ ካለ ወር ስጡት፤ ቤቱን ጠይቁ፤ ቦታውን ሌላ ይሸፍን። ጌታን ገና የምትፈልጉም፣ ከቤተ ክርስቲያን ደክማችሁ የራቃችሁ ካላችሁ ይህን ስሙ፤ እርሱ የደከሙትን የሚጠራው ሊያሳርፋቸው ነው (ማቴዎስ 11፥28)።

ጸጋው ይብዛላችሁ።