ጥፋቱ የጆን ስኖው ነው ወይስ የደራሲዎቹ?

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ነገር ለአንዳንድ አንባቢዎቻችን የሥራ ፈት ወሬ መስሎ ሊታያቸው ይችላል። ጉዳዩ ስለ ቴሌቪዥን ተረት፥ ስለ ክንፋም ዘንዶና ስለሚንቀሳቀስ ሬሳ ነው። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት በመኝታ ክፍላችን ሰባት ሆነን አንድ ላፕቶፕ ከበን ያየነው ክፍል እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ስላከራከረንና ሁለት ጓደኞቻችንም እስከ ዛሬ በምሳ ሰዓት ጀርባ ተሰጣጥተው ስለሚቀመጡ፥ ነገሩ በአደባባይ ቢታይ ይሻላል ብለን አሰብን።

ክፍሉ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ከሚባለው ተከታታይ ድርሰት የሰባተኛው ምዕራፍ ስድስተኛ ክፍል ሲሆን፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 20 ቀን 2017 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ነው። የርእሱ ትርጉም «ከግንቡ ባሻገር» ማለት ነው። ደራሲዎቹ ዴቪድ ቤኒዮፍና ዲ. ቢ. ዋይስ፥ አዘጋጁም አለን ቴይለር ናቸው።

ላላዩት ባጭሩ እንንገር። በሰሜን ካለው የበረዶ ግንብ ማዶ የሙታን ሠራዊት ተነሥቷል። ንግሥት ሰርሴይ ግን ይህን አታምንም። ስለዚህ ቲሪዮን የተባለው አማካሪ አንድ ዘዴ ያመጣል፤ ይኸውም አንድ ሬሳ ከነሕይወቱ (እንዲህ ማለት ከተቻለ) ተይዞ ለንግሥቲቱ እንዲታይ ነው። ጆን ስኖው ጥቂት ሰዎች ይዞ ይሄዳል። ሬሳውን ይይዛሉ፤ ነገር ግን ስፍር ቍጥር የሌለው ሙት ይከባቸውና በበረዶ ሐይቅ መካከል ባለች ድንጋያማ ደሴት ላይ ይቀራሉ። ጄንድሪ የተባለው ብረት ቀጥቃጭ ወደ ግንቡ ሮጦ ይደርሳል፤ ከዚያ መልእክት በቁራ ይላካል፤ ዴነሪስ ሦስቱን ዘንዶዎቿን ይዛ ከደቡብ ትደርሳለች። ሰዎቹ ይድናሉ። የሌሊቱ ንጉሥ ግን የበረዶ ጦር ወርውሮ ቪሴሪዮን የተባለውን ዘንዶ ይገድልና፥ በድኑን ከሐይቁ በሰንሰለት አስጎትቶ የራሱ አሽከር ያደርገዋል። ብዙዎቻችን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እያየን ያደግን ስንሆን፥ በዚያች ሌሊት ለዘንዶው እንባ የቀረን መሆናችን ራሱ የሚያስቅ ነው።

ዘንዶው እንደ ወደቀ ክርክሩ ተነሣ። አንዱ «ጥፋቱ የጆን ነው፤ ሁሉም በዘንዶው ጀርባ ላይ ወጥተው ሲጠብቁት እርሱ ወደ ፊት እየሄደ ሬሳ ይቈርጣል፤ ያን ጊዜ ቢወጣ ኖሮ ጦሩ ባልተወረወረ ነበር» አለ። ሌላው «ዘዴውን ያመጣው ቲሪዮን ነው» ሲል፥ ሦስተኛው «ውሻው» የሚባለውን ሳንዶር ክሌጌንን ከሰሰ፤ ምክንያቱም ሰውየው ሲሰለቸው ድንጋይ ወርውሮ በረዶው መልሶ እንደ ጠነከረ ለሙታኑ ያሳያቸዋል። ዴነሪስንም የኰነነ አልጠፋም። ከሰባት ሰዎች አንድ እንኳ የደራሲዎቹን ስም አላነሣም። እኛን ያሳሰበን ይህ ነው።

የታሪኩን ቀዳዳ እንመልከት። መጀመሪያ የጊዜው ነገር ነው። በአማርኛ የቁራ መልእክተኛ የሚባለው ሄዶ የሚቀር ሰው ነው። የኖኅ ቁራ ያወጣው ስም ነውና። የዚህ ፊልም ቁራ ግን ያንን ስም በአንድ ሌሊት አጠፋው። በ2011 በታየው በመጀመሪያው ክፍል የንጉሡ ጉዞ ከዋና ከተማው እስከ ዊንተርፌል አንድ ወር ያህል እንደ ወሰደ ተነግሮናል፤ ግንቡ ደግሞ ከዊንተርፌልም ይርቃል። አሁን ግን የቀጥቃጩ ሩጫ፥ የቁራው በረራና የዘንዶዎቹ መምጣት ሁሉ ሰዎቹ በደሴቲቱ ላይ በብርድ ሳይሞቱ ይፈጸማል። አዘጋጁ አለን ቴይለር በኋላ ሲጠየቅ ጊዜው እንደ ተድበሰበሰ ያውቁ እንደ ነበረ አልካደም። የታሪኩ ግፊት ተመልካቹን ይዞት እንዲሄድ ተስፋ አድርገው ነበር፤ መልሱንም የሚመስል ግን የማይቻል ነገር ከሚቻል ግን ከማይመስል ይሻላል በሚለው ሐሳብ ላይ አቆመው። ይህ የአርስጣጣሊስ ሐሳብ ነው፤ ሥነ ጽሑፍ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ያውቁታል። እኛም በዚህ በኩል ልናስቸግር አንፈልግም። ሰንሰለቱ ከየት መጣ፥ ውሃ የሚፈሩት ሙታን ከሐይቁ ሥር ገብተው በዘንዶው አንገት ላይ እንዴት አሰሩት የሚለውንም እናልፈዋለን።

የማናልፈው ቀዳዳ ዘዴው ነው። ቲሪዮን በመላው ድርሰት ከሁሉ ይልቅ ብልህ ተደርጎ የተሠራ ሰው ነው። እኅቱን ሰርሴይን ከማንም የበለጠ የሚያውቃት፥ አንዴም በሐሰት ከስሳ ለሞት ያስፈረደችበት እርሱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው «ማስረጃ ካየች ታምናለች፤ ካመነችም ቃሏን ትጠብቃለች» ብሎ ንጉሥ የተባለውን ጆንን ከጥቂት ሰዎች ጋር ወደ ሙታን አገር ይልካል ማለት የማይመስል ነው። ዴነሪስም ጆንም ዘዴውን ተቀበሉ። በቀጣዩ ክፍል ሰርሴይ ሬሳውን አይታ እሺ አለች፤ እሺታዋም ውሸት ሆነ። ከዘዴው የተገኘው ትርፍ ለጠላት የተሰጠ አንድ ዘንዶ ብቻ ነው፤ ግንቡንም ያፈረሰው ያ ዘንዶ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ግንቡ መፍረስ ነበረበት፤ ለማፍረስ ዘንዶ ያስፈልግ ነበር፤ ዘንዶው ወደ ማዶ ይሄድ ዘንድ ሰበብ መፈለግ ነበረበት። ሰበቡ ሲጠፋ ብልሆቹ ሰዎች ለአንድ ሳምንት ሞኝ እንዲሆኑ ተደረገ።

ታዲያ ሞኝነቱ የማን ነው? የሕግ ተማሪዎቻችን እንደሚነግሩን አንድ ሰው ጥፋተኛ የሚባለው ሆነ ብሎ ወይም በቸልተኝነት ሲያደርግ ነው። ሁለቱም ቢሆኑ ሰውየው የሚያውቀውንና ሊያውቅ የሚገባውን ከመመርመር ይጀምራሉ። ገጸ ባሕርይ ደግሞ የሚያውቀው ደራሲው የሰጠውን ነው። በስድስት ምዕራፍ የሰጡትን ዕውቀት በሰባተኛው ነጥቀው ሲያበቁ ባዶ እጁን ወደ ችሎት ቢያቀርቡት፥ ተከሳሹ ተሳስቷል።

ይህን ስንል ገጸ ባሕርይ ፈጽሞ አይወቀስ ማለታችን አይደለም። ኔድ ስታርክ በመጀመሪያው ምዕራፍ የሰርሴይን ምስጢር እንዳወቀ ለራሷ ሄዶ ነገራት። አደገኛ መሆኑን አላጣውም፤ ለልጆቿ ራርቶ አደረገው፤ በአንገቱ ከፈለ። ይህ የራሱ ጥፋት ነው፤ ልቅሶአችንም ስለዚህ እውነተኛ ነበር። ጆንም ቢሆን በ2016 በታየው የዊንተርፌል ጦርነት ወንድሙ ሪከን በቀስት ሲነደፍ አይቶ ሰልፉን ጥሎ ብቻውን ወደ ጠላት ጋልቧል። ጠላቱ ወጥመድ እንደሚያዘጋጅ እኅቱ ሳንሳ ቀደም ብላ አስጠንቅቃው ነበር። ያን ጊዜ ቢወቀስ ያንሰዋል። የውሻውን ድንጋይ እንኳ እኛ ከዚህ ወገን እንቈጥረዋለን፤ ሰውየው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትዕግሥት የለውምና።

ለመምህራን አንባቢዎቻችን ሌላ ምሳሌ እናምጣ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ኦቴሎ»ን እናስታውስ። በዚያም ቀዳዳ ሞልቷል። ቶማስ ራይመር የተባለው እንግሊዛዊ ሐያሲ በ1693 ለአንዲት መሐረብ ይህ ሁሉ ጩኸት ለምንድን ነው ብሎ ተሳልቆበታል። ጊዜውም አይገጥምም፤ ባልና ሚስቱ ቆጵሮስ በደረሱ በማግስቱ ሌሊት ዴዝዴሞና ትገደላለች፤ ካሲዮም የመጣው በሌላ መርከብ ስለ ሆነ ለተከሰሱበት ኃጢአት ሰዓት አልነበራቸውም። ሊቃውንት «ድርብ ጊዜ» የሚል ስም ሰጥተውት ሲከራከሩበት ኖረዋል። ሆኖም ከቲያትር ቤቱ ስንወጣ ሰዓት አንቈጥርም፤ «ለምን አልጠየቃትም?» እያልን በኦቴሎ እንናደዳለን። መጠየቅ ይችል ነበርና። ባለመጠየቁም ውስጥ ቅናቱና ኵራቱ፥ በባዕድ አገር የሚኖር ሰው ሥጋቱም አለበት። ሼክስፒር ሰዓቱን ሲሰርቅ የሰውየውን አእምሮ አልሰረቀም። የቁራውን ፍጥነት ይቅር ብለን የቲሪዮንን ዘዴ ይቅር ለማለት ያቃተን ስለዚህ ነው።

በዚሁ ክፍል ሳንሳና አርያ የሚጣሉበት ነገርም አለ። ሁለቱ እኅትማማቾች አንዷ ሌላዋን ልታርዳት እስክትደርስ ያስፈራሩናል፤ በሚከተለው ክፍል ግን ሊትልፊንገርን በአንድነት ይፈርዱበታል። መቼ ታረቁ? ብራንን የተጫወተው ወጣት ሳንሳ ወደ እርሱ መጥታ የምትጠይቅበት ትዕይንት ተቀርጾ እንደ ተቈረጠ ተናግሯል። ከመካከላችን ሳንሳን «ቂመኛ» ብሎ የሰደበው ሰው እንግዲህ የሰደበው መቀስን ነው።

የባሰው የመጣው በ2019 ነው። በስምንተኛው ምዕራፍ አራተኛ ክፍል የዩሮን ግሬይጆይ መርከቦች ድንገት ብቅ ብለው ሬጋል የተባለውን ዘንዶ ከሰማይ ያወርዱታል። ዴነሪስ ከዘንዶ ጀርባ ሆና ያን ያህል መርከብ እንዴት አላየችም? በዚያው ክፍል በተደረገው ምክር የግሬይጆይ መርከቦች በስም ተነሥተዋል፤ እርሷም ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ቤኒዮፍ ግን ከክፍሉ በኋላ በሚታየው የማብራሪያ ፊልም ላይ ቀርቦ፥ ዴነሪስ መርከቦቹን እንደ መርሳት ብላ ነበር ሲል አስረዳ። አስቡት፤ የረሳው ማን ነው? ሥራውን ያበላሸ ጌታ «አሽከሬ ረስቶ ነው» እንደሚለው ያለ ንግግር ነው። ተመልካቹ ገጸ ባሕርይውን ቢወቅስ ከፍቅር የተነሣ ነው እንበል። ደራሲው ሲወቅስ ግን ምን እንበለው?

ይህ ነገር ከፊልሙ ውጭም ስለ ገጠመን ነው አጥብቀን የያዝነው። ባለፈው መንፈቅ በአንድ ፈተና ላይ አንዱ ጥያቄ የሚያስፈልገው ቍጥር ተረስቶ ሳይጻፍ ወጣ። ያለዚያ ቍጥር መልስ የለውም። ጥቂቶች እጅ አውጥተው ጠየቁ፤ «ያላችሁን ይዛችሁ ሥሩ» ተባሉ። ውጤት ሲለጠፍ ብዙ ሰው ወድቋል። እኛስ ምን አደረግን? የወደቁትን «ሰነፎች፥ ማሰብ ያቃታቸው» እያልን ስናሾፍ ከረምን። በቀልዱ ከሳቁት መካከል የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ነበሩበት። ወረቀቱን መልሰን አንብበን ቍጥሩን ያጣነው ውጤቱ ከጸደቀ በኋላ ነው። ጥያቄውን ያወጣው ሰው በመካከላችን ስላልነበረ፥ የወደቀው ግን በምግብ አዳራሽ ከፊታችን ስለሚቀመጥ፥ ፍርዱ ቀላል ሆኖ ነበር።

ጆን መውጣት ነበረበት የሚለው ጓደኛችን ይህን ረቂቅ አንብቦ አልተረታም። ቲሪዮንን ደራሲው አሞኘው ብንል እንኳ፥ ጆን ግን ከድሮም ችኩል ስለ ሆነ በሐይቁ ላይ ያደረገው የራሱ ጠባይ ነው ይላል። ክርክሩ ዋዛ አለመሆኑን እናምናለን፤ ከ2016ቱ ግልቢያ ጋር ሲያስተያየውም መልስ አጥሮን ነበር። መልሱን ለሚቀጥለው ዕትም እንዲጽፍ አንድ ገጽ ትተንለታል፤ ስቴንስሉ ስለሚቀደድ ብቻ ሰርዝ ድልዝ እንዳያበዛ እንለምነዋለን።