ኬኩ እስኪቆረስ

ጥሪው በቴሌግራም ሲደርሰን «ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ» ይላል። ከሥሩ «አለባበስ፦ ነጭና ሰማያዊ» የሚል ተጨምሮበታል። ባለልደቱ ሁለት ዓመቱን ሊደፍን ነው። እኛም የዋህ ሆነን 8 ሰዓት ከሩብ ሲል አዳራሹ በር ላይ ተገኘን። ውስጥ ሁለት ወጣቶች መሰላል ላይ ቆመው ፊኛ ያስራሉ፤ ዲጄው ስፒከሩን ይፈትሻል፤ ደጋሾቹ ገና ፀጉር ቤት ናቸው። ኬኩ የተቆረሰው ለ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ነበር። ባለልደቱ ያን ጊዜ አያቱ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ቀሰቀሱት። ከረቫቱን አስተካከሉለት፣ ዓይኑን በእርጥብ ሶፍት ጠረጉለት፣ ቢላዋ አስያዙት። እጀታው ላይ የአባት፣ የእናት፣ የክርስትና አባትና ከአሜሪካ የመጣች አክስት እጅ ተደራርቦ ስለነበር የልጁን ጣቶች ማየት አልተቻለም። ማልቀስ ሲጀምር ካሜራማኑ «አንዴ ብቻ አስቁት!» ብሎ ጮኸ።

ኬኩ ሦስት ደረጃ አለው። የሚበላው የላይኛው ብቻ ነው። የታችኞቹ ሁለቱ ክሬም የተቀባ ፎም ናቸው፤ ፎቶ ላይ ቁመት እንዲኖረው። ለእንግዳ የሚታደለው አስቀድሞ ተቆራርጦ ጓዳ ውስጥ በትሪ ተደርድሯል። ይህን የነገረኝ ኬኩን ያመጣው ልጅ ነው። እንደ ምሥጢር አላንሾካሾከም፤ ሁሉም እንደዚያ ያዛል አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የልጆች ልደት በተነሳ ቁጥር ያ ፎም ትዝ ይለኛል። የዛሬው የአዲስ አበባ ልደት ልጁን አናት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ ግን ለሌላ ሰው ዓይን የተሠራ ነው። «ልደቱ አማረ» የሚባለው ዲኮሩ ሲያምር፣ ምግቡ ሲትረፈረፍ፣ አዳራሹ ሲሞላና ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ሲወጣ ነው። ማግስቱን ደውሎ «ልጆቹስ ተጫወቱ?» ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

እስቲ ጎንበስ ብላችሁ ነገሩን በልጅ ቁመት እዩት። ስፒከሩ ወለል ላይ ስለሚቀመጥ ድምፁ የሚወጣው ለእኛ ወገብ፣ ለእነሱ ጆሮ ትክክል ነው። ወንበሮቹ ልብስ ለብሰው ወደ መድረኩ ዞረዋል፤ ልጅ እንደ ስብሰባ ተሳታፊ ይቀመጣል። ክትፎውና ጥብሱ የአዋቂ ነው። የልጅ ድርሻ ለስላሳ፣ ከረሜላና «አትሩጥ፣ ልብስህ ይቆሽሻል» የሚል ተግሣጽ ነው። መሐል ላይ የሚኪ ማውስ ልብስ ያጠለቀ ጎልማሳ ይገባል። የሁለት ዓመት ሕፃን ከራሱ ቁመት ሁለት እጥፍ የሆነ አይጥ እጁን ዘርግቶ ሲመጣበት ቢጮህ ምን ይገርማል? የሚገርመው «ፈሪ!» ብለው የሚስቁት ሰዎች ናቸው። ድግሱ ሲያልቅ ደግሞ ጎረምሶቹ ፊኛውን በሹካ ያፈነዱታል፤ ቁርጥራጩ ምንጣፉ ላይ እንደ ተበተነ ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የላስቲክ ፊኛ ማሸጊያው ላይ ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንደሚያሰጋ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል፤ የፈነዳ ቁራጭ ጉሮሮ ላይ ከተለጠፈ ትንፋሽ ይዘጋልና። እኛ ጋ ይህን የሚያስበው፣ ካሰበው፣ በማግስቱ የሚጠርገው ሰው ነው።

ይህን ስል የሚመለስልኝ መልስ አንድ ነው፦ «ለልጁ ትዝታ ይሆነዋል።» እንግዲህ ሰው ሲያድግ ከሦስት ዓመቱ በፊት የሆነውን እምብዛም አያስታውስም፤ ይህ በጥናት የታወቀ፣ ማንም ራሱን ጠይቆ የሚያረጋግጠው ነገር ነው። በየቤቱ ግን ወጪው የሚያይለው የመጀመሪያው ዓመት ልደት ላይ ነው። ልጁ ነፍስ አውቆ ጓደኞቹን በስም መጥራት ሲጀምር፣ ስምንትና ዘጠኝ ሲሞላው፣ «አሁንማ ትልቅ ሰው ሆነሃል» ተብሎ ድግሱ ይቀርበታል። ትዝታው የማን እንደሆነ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

በእርግጥ የአንድ ዓመት ልደትን እንድረዳ የሚያደርገኝ ምክንያት አለ፤ እሱን መካድ አልፈልግም። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ወንድምና እህቶቿን በሕፃንነታቸው ስትቀብር ያየች እናት ልጇ ዓመት ሲሞላው ጎረቤት ጠርታ ብታመሰግን ማን ይፈርድባታል? ምስጋናው ግን ከጥንትም መልክ ነበረው። ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ክርስትና አለ፤ በሙስሊሙ ቤት በሰባተኛው ቀን አቂቃ አለ። ድፎ ይቆረሳል ወይም በግ ይታረዳል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ያለው ለሌለው ያካፍላል። ሕፃኑም እንቅልፉ ሲመጣ ይተኛል፤ ለፎቶ ብሎ የሚቀሰቅሰው የለም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይሄኛው የእኛ የወላጆች ቁስል ነው። አባቴ የተወለዱበትን ቀን አያውቁም። የሚያውቁት ጣሊያን ሊወጣ ሲል እንደነበረ፣ ወሩም ጤፍ የሚታጨድበት እንደነበረ ነው። እንደ እሳቸው ያለው ሰው ብዛቱ! በስደት አሜሪካ ከገቡት ስንቱ ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሆኖ ቀርቷል! ልደትን ጨምሮ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። እናም ቀናችን ሳይታወቅልን፣ ሻማ ሳይለኮስልን ያደግን ሰዎች ልጅ ስንወልድ ያጣነውን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ለማካካስ እንነሳለን። ረሃቡ ይገባኛል። ግን የእኛ ነው። ልጁ ገና ምንም አልጎደለበትም፤ እኛ ስንበላለት ቆሞ ያየናል።

ከረሃቡ የከፋው ብድሩ ነው። የልጆች ልደት ዕጣ የማይወጣለት ዕቁብ ሆኗል። እነ እገሌ ሲጠሩ ብስክሌት ይዘን ሄደናል፤ እኛ ስንጠራ ከብስክሌት ያነሰ ይዘው ቢመጡ ቅር ይለናል። እነሱም ይህን ስለሚያውቁ ተበድረው ይገዛሉ። በሰፈራችን እንጀራ ጋግረው ለሱቅ የሚያስረክቡ እናት አሉ። ልጃቸው ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ናት። ባለፈው ዓመት የልጄ ልደት ዕለት «አመማት» ብለው ላኩብን። እኔ በረዶ ልገዛ ወጣ ስል ልጅቷ ከበራቸው ፊት ለፊት ከታናሽ እህቷ ጋር ሱዚ እየዘለለች ነበር። ስታየኝ ላስቲኩን ጥላ ወደ ውስጥ ሮጠች። የስድስት ዓመት ልጅ እንድትዋሽልን ያደረግነው እኛ ነን። ቀን ከሌት አብራት የምትጫወተውን ልጅ አስቀርቼ ለልጄ የጠራሁላት ማንን ነው? የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼን።

አንዳንዱ ሰው ልደት የፈረንጅ ነው፣ ባህላችን አይደለም ይላል። በዚህ አልስማማም። ኳስም ከውጭ ነው የመጣው፤ ልጆቻችን ግን የራሳቸው አድርገው ይጫወቱታል። ችግሩ ልደቱን ለልጆቹ አለመስጠታችን ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲሆን ምን እንደሚደረግ አስታውሱ። ልጆቹ ራሳቸው ይሰባሰባሉ፣ አውራጅ ይመርጣሉ፣ ዱላ ይቆርጣሉ፣ የትኛው ቤት ለጋስ እንደሆነ የትኛው ቤት ውሻ እንዳለው ይመክራሉ። ገንዘብ ያዥ ይሾማሉ፤ ማታ ሲካፈሉ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። አዋቂው ቤቱ ተቀምጦ ሙልሙሉን ይዞ ይጠብቃቸዋል። መስከረም 1 ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ ሲሉም እንደዚያው ነው። በእነዚያ ቀናት ልጅ ደጋሽ ነው፣ ዘፋኝ ነው፣ ሒሳብ ያዥም ነው። በልደቱ ቀን ግን በኪራይ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተመልካች ነው፤ ያውም የራሱን ልደት።

(በልደት የሚዘፈነው መዝሙር እንኳ ታሪኩ ይኸው ነው። ዜማው አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ ሁለት እህትማማቾች፣ ፓቲና ሚልድሬድ ሂል፣ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ጠዋት ጠዋት ሰላም ለማለት የሠሩት ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። በኋላ ባለመብት ነኝ ያለ የሙዚቃ ኩባንያ በየፊልሙና በየትርዒቱ ሲያስከፍልበት ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2015 ፍርድ ቤት የመብት ጥያቄውን ውድቅ አደረገው፤ ጉዳዩም በሚቀጥለው ዓመት 14 ሚሊዮን ዶላር በሚያስከፍል ስምምነት ተዘጋ። ለሕፃናት የተሠራ ነገር ላይ አዋቂ ቆጣሪ ሲያቆም እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም።)

ወደዚያ አዳራሽ ልመለስ። 10 ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። ዲጄው ጸጥ አለ። ውጭ የተተከለው የሚነፋ መዝለያ ትንፋሹ እየወጣ ቀስ ብሎ ተኛ፤ ውስጡ የነበሩት ልጆች በሆዳቸው እየተሳቡ፣ በሳቅ እየፈረሱ ወጡ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም፤ ሰው ሊያመጣ ሄደ። አዋቂው ስልኩን ጎርጉሮ ሲሰለች፣ ልጆቹ ከአዳራሹ ጎን በሚሠራ ሕንፃ ሥር የተከመረ አሸዋ አገኙ። ጫማ ወለቀ። ነጭና ሰማያዊው ልብስ አንድ ዓይነት ቀለም ያዘ። አንዷ ጉድጓድ ቆፍራ ቤት ነው አለች፣ አንዱ በፌስታል አሸዋ እያመላለሰ ነጋዴ ሆነ። በተለያየ ትምህርት ቤት የሚማሩ፣ የማይተዋወቁ ሁለት ልጆች መሐረቤን ያያችሁ ሲያስጀምሩ ሌሎቹ ክብ ሠርተው ቁጢጥ አሉ። የሕንፃው ዘበኛ መጀመሪያ ሊያባርራቸው ተነስቶ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ዳኛ ሆኖ አገኘሁት። ያ ግማሽ ሰዓት በጥሪው ካርድ ላይ አልነበረም፤ በቪዲዮውም ውስጥ የለም፤ ካሜራማኑ ባትሪውን እየቆጠበ ነበርና። ከዚያ ጄኔሬተሩ አጓራ፣ መድረክ መሪው በማይክ «ልጆች! ልጆች ወደ ውስጥ!» አለ፣ እናቶች ልብስ እያራገፉ መቆጣት ጀመሩ።

ስለዚህ ከእኔ ምክር የሚፈልግ ሰው ካለ አጭር ነው። ሰዓቱ ከልጁ እንቅልፍ ጋር ይታይ፤ ሁለት ሰዓት ይበቃል። የሚጠሩት ልጆች ቁጥር ከልጁ ዕድሜ ብዙም አይብለጥ። ኬኩ ሁሉም ይበላ፣ ስጦታ ይቅር ተብሎ ጥሪው ላይ በግልጽ ይጻፍ፣ ቦታው ግቢ ወይም ሜዳ ይሁን። አዋቂ ከዳር ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣ።

ለሰው መምከር ቀላል ነው። ልጄ በሚቀጥለው ወር ሰባት ዓመት ይሞላታል። ባለፈው እሑድ ባለቤቴ የተጠሪዎችን ዝርዝር ስታሳየኝ 64 ስም ቆጠርኩ፤ ልጆቹ 13 ናቸው። ይህን ሁሉ የጻፍኩትን አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «እነሱ ሲጠሩን ሄደን በልተን፣ የእኛ ሲደርስ አሸዋ ላይ እንበትናቸው?» አለችኝ። እንጀራ የሚጋግሩትን የጎረቤታችንን ልጅ ግን ከዝርዝሩ አናት ላይ ራሷ ጻፈቻት፤ «ያለ ስጦታ» ብላ እናቷ ዘንድ ሄዳ ልትነግራቸው ቃል ገብታለች። የቀረውን ስንከራከር አመሸን። እስከ ትናንት ማታ 64ቱ ወደ 41 ወርዷል። ዲጄው ላይ ገና አልተስማማንም።